የሰብለ እርጥብ ሶፍት

የሰው ልጅ የማይቀናበት ነገር የለም። በቤት ይቀናል፣ በትዳር ይቀናል፣ በጎረቤቱ አማች እንኳ ይቀናል። የእናንተም ሆድ ለአመል ያህል አንድ ሁለቴ ሳይቃጠል አልቀረም፤ አትዋሹ። እኔ ግን የቀናሁት በሽንት ቤት ሶፍት ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም።

ሮም፣ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ አካባቢ፣ ሲኞራ ፍራንካ የሚባሉ አሮጊት ቤት ካገሬ ልጅ ከሰብለ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ሲኞራ ሰብለን ይወዷታል። ሾርባ ሲሠሩ ለሰብለ ይላሉ፤ እኔን ስሜን እንኳ አይጠሩኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ የሆዴን በሆዴ ይዤ ምስጢሯን ስፈልግ ያገኘሁት ቦርሳዋ ውስጥ የማይጠፋውን የእርጥብ ሶፍት እሽግ ነው። ጽዳቷ ነው ያስወደዳት አልኩና እኔም ገዛሁ።

እሷ የተጠቀመችበትን ጠቅልላ ክዳን ያለው ቅርጫት ውስጥ ትጥላለች። እኔን ያሳደገኝ ይሉኝታ ነው፤ እንዲህ ያለ ገመና እንዴት ብዬ ሰው በሚከፍተው ቅርጫት ላስቀምጥ? ሽንት ቤቱ ውስጥ ጥዬ ውኃ ለቀቅሁበት። እሽጉ ላይ የተሰረዘ የሽንት ቤት ሥዕል አለ፣ አይቼዋለሁ። ውኃው ከወሰደው ማን ያየኛል ብዬ ነው።

በሦስተኛው ወር ሽንት ቤቱ ሞልቶ ኮሪደሩ ላይ ፈሰሰ። የቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ ረጅም ሽቦ ሰደደና እንደ ገመድ የተገመደ የሶፍት ጉድ ጎትቶ አወጣ። ሲኞራ ወገባቸውን ይዘው፣ ይህን ያደረገች ዛሬውኑ ዕቃዋን ትሸክፍ አሉ። ፔርሜሶዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ላሳድስ አንድ ሳምንት ቀርቶኛል፤ የተመዘገብኩበት አድራሻ ይኸው ቤት ነው፤ ከዚህ ከወጣሁ ወረቀቴን ማን ይቀበለኛል? እውነቱን ልንገራችሁ፣ «የሷ ነው» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ቀደመችኝ።

«እኔ ነኝ ሲኞራ» አለች ሰብለ። «ሁለተኛ አይለምደኝም።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ብላችሁ እንዳታዝኑላት። አልተመታችም። ሲኞራ ትንሽ አዩዋትና ግንባሯን ሳሟት፤ ጥፋቷን እንዲህ የምታምን ልጅ አይቼ አላውቅም፣ እኔ እስካለሁ ክፍሉ ያንቺ ነው አሏት። ወደኔ ዞረውም ከሷ እንድማር መከሩኝ።

ክፍላችን ስንገባ ሰብለ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለፔርሜሶሽ ብዬ ነው። አሎራ፣ እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ቅርጫት» አለችኝ።

አመሰገንኳት፤ ከልቤ ነው። ግን ምን ላድርግ፣ ያ ሁሉ መሳም የመጣው በዚያ ጥፋት ነው፤ ጥፋቱ ደግሞ የኔ ነበር። ቀናሁ።