የጋሽ ዳምጠው እጅ

ሰው ሲሠራ አይቶ እጁ የማያርፍለት አንድ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ለዲላ የደረሷት ጋሽ ዳምጠው ናቸው። ኮንጋ ላይ የቡና መፈልፈያ ማሽን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ የሚጠግኑት ማሽን ሲያጡ የሰውን ሥራ ሁሉ መጠገን ያዙ። «እስቲ አምጣው» ካሉ አለቀ፤ የያዝከው ነገር ከእንግዲህ ያንተ አይደለም። ወናጎ መንገድ ላይ ጎማ ከሚቀይር ሾፌር እጅ ክሪኩን ተቀብለዋል። በጎረቤት ሠርግ «አያያዝህ ልክ አይደለም» ብለው ከሙሽራው ቢላዋውን ወሰዱና ኬኩን ቆርሰው ሙሽሪትን ያጎረሷት እሳቸው ናቸው። ጥርስ ሊያስነቅሉ የሄዱ ዕለትማ፣ አፋቸውን እንደከፈቱ የሐኪሙን ጉጠት ያዙ ይባላል። ይህን የማያምን ሰው እሳቸውን አያውቅም።

ሩሃማ ታውቃቸዋለች። ግድግዳ የሚጋሩ ጎረቤቷ ናቸው፤ አባቷ ከሞተ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ጊዳቦ ግድብ ይዘዋት እየሄዱ ዓሣ ማጥመድ ያስለመዷትም እሳቸው ናቸው። ያስተማሯት ግን አይባልም። ከተማሪነቷ ጀምሮ ስታጠምድ አንድም ቀን የራሷን መንጠቆ ቋጥራ አታውቅም። ገና ክሩን ስታነሳው «እስቲ አምጪው» ይመጣል።

ዘንድሮ ግን ይህ ሳቅ አልሆነላትም። ክረምት ላይ የምትነዳው ባጃጅ ተገልብጦ ቀኝ እጇ አንጓው ላይ ተሰብሮ ነበር። ጀሶው ሲወልቅ ጣቶቿ የሌላ ሰው ጣት ሆነው ጠበቋት። «አሠሪያቸው» አላት ሐኪሙ፤ «ክር ቋጥሪ፣ ቁልፍ ቆልፊ።» ማን አስነክቷት! ቁልፏን እናቷ ትቆልፍላታለች፣ ሥጋዋን እናቷ ትቆርጥላታለች። ወንድሟ ታረቀኝ ደግሞ የገዛ ባጃጇን እየነዳ «አንቺ እረፊ» ይላታል። የዚያን ቅዳሜም ከጋሽ ዳምጠው ጋር ግድቡ ድረስ ያደረሳቸው እሱ ነው፤ እሷ በራሷ ባጃጅ እንደ ተሳፋሪ ከኋላ ተቀምጣ። ስትወርድ ደሟ ፈልቷል።

የግድቡ ሥር ጭቃና የሰመጠ ዛፍ ነው። መንጠቆ እዚያ ከወረደ አይመለስም። ስለዚህ ክሩን ወደ ታች የሚስበው የእርሳስ ክብደት ክሩ ጫፍ ላይ ይታሰራል፣ መንጠቆው ከሱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ይቋጠራል፤ እርሳሱ ጭቃው ላይ ሲያርፍ ትሉ ከላይ ተንጠልጥሎ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይጣራል። «እርሳስ ከታች፣ መንጠቆ ከላይ!» ይላሉ ክቡር ጋሽ ዳምጠው፣ ከሰማይ እንደወረደ ትእዛዝ።

ሩሃማ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ክሩን በጉልበቶቿ መሃል ያዘችው። የመጀመሪያው ቋጠሮ ተፈታ። ሁለተኛውን ስትጠቀልል መንጠቆው አውራ ጣቷን ወጋት። ሌላውን በምራቋ አርሳ ልታጠብቀው ስትል በትከሻዋ በኩል እጅ መጣ።

«እስቲ አምጪው።»

«ይተዉኝ ጋሽ ዳምጠው።»

«ዓሣው እኮ አንቺን አይጠብቅም። አምጪው ልጄ።»

«እባክዎ ይተዉኝ አልኩ!»

«ይሄ እኮ ቋጠሮ አይደለም፤ እዪ፣ እንዲህ ሲሉት...» ክሩን ሳብ አደረጉት። ቋጠሮው ተተረተረ።

«አንተ ሰውዬ፣ እጅህን ሰብስብ!»

ዳር ዳሩን ተቀምጠው የሚያጠምዱት ሁሉ ዞሩ። ልጅነቷን ሙሉ «እርስዎ» ስትላቸው ያደገች ልጅ ናት፤ ያወጣችው ቃል ራሷን አስደነገጣት። ግን አንዴ ወጥቷል፤ የቀረውም ተከተለ። «እናቴ ትነጥቀኛለች፣ ወንድሜ ይነጥቀኛል፣ አንተም ትነጥቀኛለህ! እጄ የተሰበረው አንድ ጊዜ ነው፤ በየቀኑ የምትሰብሩት እናንተ ናችሁ!»

ጋሽ ዳምጠው ክሩን ለቀቁት። ትይዩዋ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ከተቱና ተቀመጡባቸው።

ሩሃማ ሰው እንዲህ ሲሠቃይ አይታ አታውቅም። ክሩን በተሳሳተ በኩል ስታዞር ከንፈራቸውን ነከሱ። ስንዝሩን ስታሳንሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንዴ ቀኝ እጃቸው አምልጦ ሊወጣ ሲል መልሰው በጭናቸው ተጫኑት። ሳቋ ሊመጣ ነበር፤ ንዴቷ ግን አላሳልፍ አለው። ቋጠሮው ጠበቀ። ሳበችው፤ ያዘ። ትሉን ሰክታ ወረወረች።

ጥቂት ቆይቶ ክሩ ነዘር ነዘር አደረጋትና ጎተተችው። መዳፍ የምታህል ቆሮሶ ነበረች።

«ይዟል» አሉ ጋሽ ዳምጠው በቀስታ። ስለ ዓሣው ይሁን ስለ ቋጠሮው አልተናገሩም። እሷም ይቅርታ ልትል አስባ ሌላ ትል ሰካች።

ከእነሱ ወዲያ እስክንድር የሚባል ከሐዋሳ የመጣ ጎረምሳ በአዲስ ዘንግ ያጠምድ ነበር። መንጠቆውን በወረወረ ቁጥር ጭቃ ይይዝበታል። ጋሽ ዳምጠው ሲቁነጠነጡ ቆዩና ተነሥተው ወደዚያ አዘገሙ።

«እርሳስህ ከላይ ሆኖብህ ነው ልጄ። እስቲ አምጣው።»

«ሂድ ወዲያ! የየት ለፍላፊ ሽማግሌ ነህ አንተ?»

ሩሃማ እንዴት እንደተነሣች አታውቅም። ዘንጓን ጥላ አጠገቡ ደረሰች።

«ማንን ነው አንተ ያልከው?»

«አንቺ ራስሽ ቅድም...»

«እኔ ያሳደጉኝ ልጃቸው ነኝ፣ ብቆጣቸውም እችላለሁ! አንተን ማን ፈቀደልህ? እርስዎ በላቸው! ዘንጉንም ስጣቸው!»

እስክንድር ግራ ተጋብቶ ዘንጉን ዘረጋ። ጋሽ ዳምጠው ግን አልተቀበሉም። መጀመሪያ ሩሃማን አዩዋት፣ እንደተፈቀደላቸው ለማረጋገጥ።

«ይቀበሉት እንጂ!» ጮኸችባቸው።

ተቀበሉት። ጣቶቻቸው ክሩ ላይ ሲያርፉ ፊታቸው በራ። ሩሃማ እጇን አጣምራ አጠገባቸው ቆመች፤ አሁንም ተናዳለች፣ በማን እንደሆነ ግን ለራሷም አልለይ ብሏታል። እስክንድር የሆነ ነገር ሊል አፉን ከፈተ።

«ዝም ብለህ ተማር» አለችው።