ሰው የምትከራይ መኪና

ዘርፈሸዋል በሰው አገር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሕልም አየች። ነገሩ እንዲህ ነው።

ዘርፈሸዋል አዳማ ውስጥ መኪና መንዳት ታስተምራለች። ከተማው ውስጥ እሷ ያልተቆጣችው፣ እሷም ያላስመረቀችው ሾፌር የለም ይባላል። አገሯን ለቃ ስትወጣ ግን ያ የመጀመሪያዋ ነበር። ልጇ ምንትዋብ ናይሮቢ እየሠራች እዚያው የወደደችውን ልታገባ ሆነ፤ ሠርጉም ከከተማው ወጣ ብሎ ናይቫሻ ሐይቅ ዳር ተደገሰ። ዘርፈሸዋልና ባሏ ይርዳው እንቅልፍ በዓይናቸው ሳይዞር አድረው በሠርጉ ቀን ጠዋት ናይሮቢ ወረዱ። ምንትዋብ "የሚወስዳችሁ ሰው ልላክ" ብትል እናት ተቆጣች።

"እኔ ዘርፈሸዋል፣ በሰው መኪና ተጭኜ ልጄን ልዳር? ተከራይቼ ራሴ እነዳለሁ!"

አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ካለ አንድ መኪና አከራይ ቤት ገቡ። ተዋዋሉ። ቁልፍ እስኪመጣላቸው ግቢው ውስጥ መኪናዋ ውስጥ ገብተው ሲጠብቁ ድካሙ ዘርፈሸዋልን አሸነፋት፤ እንቅልፍ ይዟት ጭልጥ አለ።

ወዲያው እዚያው አከራይ ቤት ቆማ ራሷን አገኘችው። ባንኮኒው ጀርባ የተቀመጠው ግን መነጽር ያደረገ ነጭ ፒካፕ ነበር። ግቢው ውስጥ ሰዎች ታጥበውና ተወልውለው፣ ደረታቸው ላይ ታርጋ ተለጥፎባቸው በሰልፍ ቆመዋል። አንዲት ትንሽዬ ሰማያዊ ቪትዝ መኪና በመካከላቸው እየተንጎራደደች የአንዱን ጥርስ፣ የሌላውን ባት ታያለች። ዘርፈሸዋል ዘንድ ስትደርስ ቆመች።

"ይቺስ ሞዴሏ ስንት ነው?"

"የድሮ ናት" አለ ፒካፑ። "ግን ሞተሯ አልተከፈተም። የያዛትም አንድ ሰው ብቻ ነው።"

ዘርፈሸዋል ባሏን ገልመጥ አደረገችው። ይርዳው በኩራት ራሱን ነቀነቀ።

"ቀለሟ የፋብሪካ ነው?"

"ፀጉሯ ተቀብቷል። ሌላው የራሷ ነው።"

ቪትዟ ዙሪያዋን ዞረቻት። ጉልበቷ ጋ ስትደርስ መብራቷን አብርታ ጎንበስ አለች። "ይሄ ጭረት ድሮም የነበረ ነው?"

"ልጅ ሆኜ አጥር ስዘል ነው" አለች ዘርፈሸዋል።

"ፎቶ ይነሳልኝ። ኋላ አንቺ ነሽ የጫርሻት ብትሉኝ አልሰማም።"

"ኧረ በሕግ! እኔ እኮ ልከራይ ነው የመጣሁት!"

ፒካፑ ግራ ገባው። "ታዲያ ተከራየሽ እኮ። ምን ጎደለብሽ?"

ቃሉ ልክ ነበር። ነገሩ ነው ልክ ያልሆነው።

"መያዣ" አለ ፒካፑ፤ ይርዳውንም በኮሌታው አንጠልጥሎ መደርደሪያ ላይ፣ በትርፍ ጎማዎችና በተረሱ ጃንጥላዎች መካከል ሰቀለው።

"ይርዳው! ውረድ እንጂ! ሠርግ አለብን!"

"ተዪው ዘርፌ፣ እዚህ ነፋሻ ነው" አለ ይርዳው እግሩን እያወዛወዘ። "ልጄን ሳሚልኝ።"

ከዚያ ቪትዟ ዘላ ጀርባዋ ላይ ታዘለች። ክብደቷ የሕፃን ያህል ነበር፤ ትንፋሿ ግን ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ግንባሯ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፈችባት። ዘርፈሸዋል በመስኮቱ መስታወት አየችው፦ "ለማጅ" ይላል። መመርመሯንም መኪና ማዘሏንም ችላው ነበር፤ ይሄኛው ግን አንጀቷን አሳረረው።

"እኔ አስተማሪ ነኝ!"

"አስተማሪ ከሆንሽ፣ ግራ ጆሮሽን ስስብ ለምን ወደ ግራ ትሄጃለሽ? እዚህ አገር ግራ ማለት ቀኝ ነው።"

"ቀኝስ?"

"ቀኝ አልቋል። ጠዋት የመጡት ወሰዱት።"

ወጡ። ጎዳናው ላይ አንድ ትራፊክ ፖሊስ መለዮውን ይዞ እያለከለከ ከኋላቸው ሮጠ። "እመቤቴ፣ አጥፍቻለሁ! እባክዎ ይቅጡኝ! ከጠዋት ጀምሮ የሚቀጣኝ አጣሁ!" ዘርፈሸዋል "ሁለተኛ እንዳይለምድህ" አለችው። ፖሊሱ እግሯ ላይ ወድቆ አመሰገናት፤ ፊሽካውንም አንገቷ ላይ አጠለቀላት።

እግረኛ ማቋረጫው ጋ ደረሱ። ጥቁርና ነጭ የለበሱ ሰዎች አስፋልቱ ላይ ጎን ለጎን ተጋድመዋል፤ የሜዳ አህዮች ቦርሳቸውን አንግተው በላያቸው ይሻገራሉ። "አይከብዳችሁም?" አለች ዘርፈሸዋል። ከተጋደሙት አንዱ ቀና አለና፣ "ዜብራ ነን እኮ" አላት። ይሄም ልክ ነበር።

"ወይ ቀኑ! ልጄ ትዳራለች፣ ሰዓቱ ደረሰ" ብላ ለመነች። ቪትዟ ሁለት ጆሮዋን አንድ ላይ ሳበቻት፤ መንገዱ እንደ ምንጣፍ ተጠቀለለና ሐይቁ ዳር አደረሳቸው።

ትልቅ ድንኳን ተጥሏል። ውስጥ መኪኖች ተቀምጠው ይበላሉ፣ አንዱ ላንዱ ያጎርሳል። ሰዎቹ ደጅ፣ ፀሐይ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ድንኳኑ ሸራ አዙረው ቆመዋል። ድንገት ምንትዋብ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ከድንኳኑ ወጣች። እንዴት አምሮባት ነበር! ዓይኗ መንገድ መንገዱን ይፈልጋል። ዘርፈሸዋል በደስታ "ምንትዬ! መጣሁልሽ!" ልትል ጮኸች።

ከአፏ የወጣው ግን "ጲጵ! ጲጵ!" ነበር።

ምንትዋብ ዞር ብላ ብዙ አየቻት። "ይቺ እማዬን ትመስላለች" አለችው ሙሽራውን። ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ጠዋት ሙሉ ጠበቅኳት። ሰው ልላክ ብላት አሻፈረኝ አለች፤ ይኸው ቀረች።"

"ጲጵ! ጲጲጵ!"

"ስትጮህ አሳዘነችኝ። ከኋላ ጥላው ጋ አቁሟት።"

ቪትዟ አዞረቻት። ከድንኳኑ ኋላ ቁልቁለት ነበር፤ ከቁልቁለቱ ሥር ሐይቁ። ዘርፈሸዋል ወደ ኋላ ዞራ ልጇን ማየት ፈለገች፤ አንገቷ አልታጠፍ አላት። እግሯ ራሱ ይሮጥ ጀመር። ስታስተምር ሁልጊዜ ከእግሯ ሥር ትርፍ ፍሬን አለላት፤ ስንት ለማጅ ከስንት ገደል መልሳበታለች። አሁንም ባላት ጉልበት ረገጠች። ባዶ ነው። ደግማ ረገጠች። ባዶ።

ነቃች።

እግሯ የመኪና ወለል ምንጣፍ እየረገጠ ነው። ከፊቷ መሪ የለም። በመስኮቱ ዛፍ ያልፋል፤ ሌላ ዛፍ ያልፋል፤ አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እያንባረቀ አለፈ። ዘርፈሸዋል ወደ ቀኝ ዞረች። በዚያ አገር መሪው በቀኝ ነው፤ እንቅልፍ ያናወዛቸው ባልና ሚስት ግን አከራዩ ግቢ ውስጥ ወደ መኪናዋ ሲገቡ እንደ አገራቸው ልማድ እሷ በግራ፣ እሱ በቀኝ ተቀምጠው ነበር። ይርዳው፣ ከብስክሌት በላይ ነድቶ የማያውቀው ይርዳው፣ መሪውን በሁለት እጁ አንቆ ይዞ ላቡ ይንቆረቆራል።

"ይርዳው! ማነው ንዳ ያለህ?" 

"ማንም አላለኝ! ሰውዬው ቁልፉን አምጥቶ ራሱ አስነሳልኝና መልካም መንገድ ብሎኝ ሄደ። አንቺን ልቀስቅስሽ ብል አሳዘንሽኝ።"

"ታዲያ እንዴት ወጣህ?"

"ማርሹ ላይ ያለችውን ያቺን ፊደል ነካኋት፣ ራሷ ሄደች። ከግቢው ስትወጣ ዝም አልኳት፤ ትመለሳለች ብዬ።"

መንገዱ ታጥፎ ረጅም ቁልቁለት ሆነ።

"ተመስገን፣ እንኳን ነቃሽ" አለ ይርዳው፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ። "ፍሬኑ የቱ ነው?"