የግራናው ፓፓያ ያዥ

አገራችን ሰውን የምትሸኝበት አንድ መላ ብቻ አላት፤ ማብላት። ልጅ ለፈተና ሲሄድ ይበላል፣ ሙሽራ ስትሄድ ትበላለች፣ የታመመ ሰው እንኳ ሐኪም ቤት ሲሄድ «ባዶ ሆድህን መርፌው እንዳይጥልህ» ተብሎ ይበላል። እናንተስ አልደረሰባችሁም? «በልቻለሁ» ማለት እኛ ዘንድ መልስ ሆኖ አያውቅም፤ የድርድር መክፈቻ ነው። እኔ መርሳ ላይ ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ነኝ። ከመርሳ ወልድያ ያለውን ርቀት በኪሎ ሜትር ብትጠይቁኝ አላሳፍራችሁም፤ መንገዱ ላይ ዘመድ ላለው ሰው ግን ርቀቱ የሚለካው በጉርሻ ነው።

ይህን ያስተማረኝ ተማሪዬ ሰዒድ ነው። ሰዒድ የመርሳ ጎረቤት የሆነችው የግራና ልጅ ሲሆን በትምህርት ቤታችን ቡድን ውስጥ አጥቂ ነበር። እሱ ሲጫወት እኛ መምህራን የቢሮውን መስኮት እንሻማ ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ ሲመጡ ደግሞ ዝናብ መምጣቱን የምናይ እንመስላለን። ልጁ ኳስ ይዞ ከተነሳ የሚደርስበት አልነበረም። ችግሩ አባቱ ናቸው። ጋሽ እንድሪስ ግራና ላይ የፓፓያ ማሳ አላቸው። እሳቸው መሰላል ላይ ወጥተው ፍሬውን በረጅም እንጨት ያወርዳሉ፤ ሰዒድ ከሥር ቆሞ ይይዛል። ፓፓያ መሬት ከነካ ይፈርጣል፣ የፈረጠ ደግሞ ገበያ አይወጣም። ስለዚህ ልጁ ቁመቱ ከጉልበት ከፍ ካለ ጀምሮ ሰማይ ሰማይ እያየ ፓፓያ ሲይዝ ነው ያደገው። ይህን ሥራ እንደ ጥርስ ሕመም ይጠላው ነበር።

እንዲህ እንዳለን፣ ከሌላ ከተማ የመጣ የትልቅ ክለብ አሰልጣኝ ወልድያ ላይ ወጣቶችን ሊመለምል ነው የሚል ወሬ ደረሰ። ሰዒድ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ቤቴ መጣ።

«ቲቸር፣ አባ እንቢ አሉኝ። እርስዎ ይለምኑልኝ።»

ሄድኩና ለመንኩ። ጋሽ እንድሪስ «እንግዲህ መምህር፣ አንተን አላሳፍርም» አሉኝ። «አንድ ጊዜ ይሞክር። ከወደቀ ግን ኳስ የሚባል ነገር እቤቴ እንዳይነሳ፤ አርፎ ፓፓያውን ይይዛል።»

«እሺ፣ ጋሽ እንድሪስ።»

«ካለፈስ ማን ይይዝልኛል?»

«እኔ እይዝልዎታለሁ» አልኩ። ለአፍ ዳገት የለውም።

የሙከራው ቀን ማለዳ የግራና ሽማግሌዎች ለሰዒድ ዱዓ አደረጉለት። «ያ ረቢ፣ እግሩን አፍጥንለት» አሉ፤ «አሚን» አልን። ዱዓ በባዶ ሆድ አያምርምና ገንፎ ቀረበ። ልጁ ሊነሳ ሲል ቅቤው ገና መሃሉ ላይ እንደ ኩሬ ተኝቶ ነበርና እናቱ «ይህን ትተህ የት ልትሄድ?» ብለው አስቀመጡት። መርሳ ስንደርስ ባለቤቴ ጨጨብሳ ሠርታ በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። «የመምህሩን ቤት ሳይቀምስ አለፈ ልባል ነው?» አለችኝ፤ እኔን እንጂ ልጁን አላናገረችውም። ወልድያ ገብተን የተሳፈርንበት ባጃጅ ሹፌር ደግሞ የግራና ሰው ሆኖ ተገኘና፣ የሰፈሩ ልጅ ለኳስ መምጣቱን ሲሰማ ሙዝ አውጥቶ እምቢ አልሰማም አለ። በመጨረሻ ሜዳው አጠገብ አክስቱ ነበሩ። አክስት ደግሞ አይታለፍም።

«አክስቴ፣ በልቻለሁ።»

«የኔን አልበላህም። አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ።»

አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ? ስለዚህ በዚያ መንገድ ላይ ማንም አንድ ብቻ አላጎረሰውም። እኔም ከጎኑ ተቀምጬ፣ እውነቱን ልናገርና፣ ወደኋላ አላልኩም። ሮጦ የሚፈተነው እሱ ነዋ።

ሜዳ ገባ። ሮጠ ልበላችሁ? አልልም። ኳሷ ታልፋለች፣ ሰዒድ ሆዱን በእጁ ደግፎ ይሸኛታል። ያ ማንም የማይደርስበት ልጅ፣ ጎረምሶች በግራም በቀኝም እያለፉት መሃል ሜዳ ላይ እንደ ጉቶ ቀረ። አሰልጣኙ «ይሄ አጥቂ ነው ወይስ ተመልካች?» አለ። ሰዒድ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ ያ አስተያየት እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። ዕድሜ ልኩን በመሰላሉ ሥር ቆሞ ታየኝ። እኔም የጨጨብሳውን ቅቤ ከጢሜ ጠረግሁ።

የአላህ ሥራ፣ ለሙከራው በሁለት ከተከፈሉት ልጆች የአንዱ ቡድን በረኛ ጣቱ ወለም ብሎት ወጣ። አሰልጣኙ ተናዶ ለሰዒድ «ሂድ ግብ ላይ ቁም፤ ቢያንስ ቦታ ትሞላለህ» አለው።

የመጀመሪያዋ ኳስ ከላይ መጣች። ሰዒድ ሰማይ አየ፣ ሁለት እጁን ዘረጋ፣ ወደ ደረቱ አስጠጋት፣ ከዚያም ጎንበስ ብሎ ሣሩ ላይ ቀስ አድርጎ አስተኛት። ሁለተኛዋም እንዲሁ። አንድ ባለ ጠብደል እግር ጎረምሳ በሙሉ ኃይሉ ሲመታ ኳሷ ሆዱ ላይ አረፈች፤ ሰዒድ ንቅንቅ አላለም፣ ኳሷ ከገንፎው ጋር ተማክራ ተመለሰች። የመቱት ሁሉ እጁ ላይ ቀረ። አሰልጣኙ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ተጠጋው።

«አንተ፣ ኳሷን በያዝክ ቁጥር በአውራ ጣትህ የምትጫናት ለምንድን ነው?»

«መብሰሏን ለማየት» አለ ሰዒድ፣ ሳያስበው።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ያን ዕለት በረኛ ሆኖ ተመረጠ፤ ዛሬ በኳስ ደመወዝ የሚያገኝ ሰው ነው። አክስቱ «የኔ ቁርስ ነው ያቆመው» ይላሉ፣ ባለቤቴ ጨጨብሳዋን ትጠራለች፣ ሽማግሌዎቹ ዱዓቸውን። እግሩን አፍጥንለት ብለው መለመናቸውን ያነሳ የለም። ጋሽ እንድሪስ ግን «እይዝልዎታለሁ» ማለቴን አልረሱም። ደወሉና «መምህር፣ ቅዳሜ እንዳትቀር» አሉኝ።

አልቀረሁም። እነሆ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ግራና ነኝ። መጀመሪያ ያበሉኛል፣ ያውም መነሳት እስኪያቅተኝ፤ ከዚያ መሰላሉ ሥር ያቆሙኛል። ትናንት አንዱ ፓፓያ ትከሻዬ ላይ፣ አንዱ መነጽሬ ላይ ፈረጠ። ዘሩን ከጢሜ ስለቅም ጋሽ እንድሪስ ከላይ ሆነው አዩኝ።

«አይዞህ መምህር» አሉኝ፣ «ሰዒድም ሲጀምር እንዲህ ነበር።»

ጡረታ ልወጣ ምን ቀረኝ። ቢሆንም ሰው መቼ እንደሚያልፍለት አይታወቅምና፣ ከዚያች ቃል ወዲህ አሰልጣኙ ቢደውል ብዬ ስልኬን አልዘጋም።