ስኳር ያልገባበት የጃፓን መጠጥ

አዲስ አበባ ውስጥ መታመም ይቻላል፤ በሰላም መታመም ግን አይቻልም። ጉንፋን እንደያዘህ ከታወቀ ጎረቤትህ ፌጦ ይዞ ይመጣል፣ የሥራ ባልደረባህ ዳማከሴ ይጨምቅልሃል፣ የታክሲው ረዳት እንኳ ሒሳብ እየሰበሰበ ነጭ ሽንኩርት ያዝልሃል። ይህን ሁሉ ችዬ እኖር ነበር። ጋሼ ጉልላትን ግን መቻል አቃተኝ።

ጋሼ ጉልላት የዓለም ባንክ ሰፈር ጎረቤታችን፣ አየር ጤና ጋራዥ የነበራቸው ጡረተኛ መካኒክ፣ እንዲሁም ማንም ሳይሾማቸው በኮልፌ ቀራኒዮ የጃፓን ባለሙሉ ሥልጣን አምባሳደር ናቸው። በወጣትነታቸው ለአንድ ወር የሞተር ሥልጠና ጃፓን ሄደው ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜያቸው በሙሉ የዚያ ወር ማብራሪያ ነው። "እዚያ አገር በሽተኛ አላየሁም" ይላሉ። ከመኝታ ክፍል ፋብሪካ፣ ከፋብሪካ መኝታ ክፍል ሲመላለስ የከረመ ሰው በሽተኛ ከየት እንደሚያገኝ የጠየቃቸው የለም። እኔም ፈርቼ አልጠየቅኳቸውም።

የዚያ ሁሉ ጤና ምሥጢር አማዛኬ ነው። አማዛኬ ማለት ጃፓኖች ሩዝ አብላልተው የሚጠጡት፣ ወፈር ያለ፣ የማያሰክር ጣፋጭ ነገር ነው። እነሱ ሩዙን የሚያብላሉት በተለየ ሻጋታ ነው አሉ። ሻጋታው እኛ ዘንድ ስለማይገኝ ክቡርነታቸው በጠላ ብቅል ተኩት። ሩዙም የፎገራ ነው። እንግዲህ ከጃፓን የቀረው ስሙና ፔርሙሱ ነው፤ ፔርሙሱንም ገልብጬ ሳየው ቻይና ይላል።

ለጨጓራም ለእንቅልፍም ለሆድ ድርቀትም አንድ ሲኒ ነው። በሙቀት የደከመ ጃፓናዊ አንዱን ሲኒ ጨልጦ እንደ ጎረምሳ ተነስቶ ሲሄድ በዓይናቸው አይተዋል። ጎረቤታችን አቶ መኳንንት ለራሰ በራነታቸው ለወራት ጠጡት። ፀጉር አልበቀለም፤ ጋሼ ጉልላት ግን "መርገፉን አቁሟል" አሉ። ያቆማል እንጂ፣ ምን ቀርቶ። ሰፈር ውስጥ አንድ አባወራ የሞቱ ዕለት ደግሞ ድንኳን ውስጥ ከሟቹ ልጅ አጠገብ ተቀምጠው፣ አባትህ ቀደም ብለው ቢጀምሩት ኖሮ እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጁ እያለቀሰ አመሰገናቸው። ምን ያድርግ?

ይህንንም ስቄ አልፌው ነበር። እናቴ ዘንድ እስኪደርሱ ድረስ።

እናቴ፣ ወይዘሮ ጥሩብርሃን፣ የስኳር በሽታ አለባት። እግሯ ከደከመ ወዲህ ከቤት አትወጣም፤ እኔ ደግሞ ሱቅ ውዬ ሲመሽ ነው የምገባው። ያን ሰሞን ስኳሯ በተለካ ቁጥር ከፍ እያለ መጣ። ዳቦ ቀነስኩባት፣ ሩዝ ጭራሽ ከለከልኳት፣ ሐኪሙም መድኃኒቱን ጨመረላት። አልወርድ አለ። እግሯ ላይ የወጣችውን ቁስል አይቶ፣ በዚህ ከቀጠለ እግሯን ልናጣው እንችላለን አለኝ። ተስፋ ቆረጥኩ። እናቴን ቀና ብዬ ማየት እንኳ ከበደኝ።

አንድ ቀን ሱቁን ቀደም ብዬ ዘግቼ ስገባ ጋሼ ጉልላት እናቴ አጠገብ ተቀምጠው ስለ ጃፓን ባቡር ያወራሉ። እናቴ ሲኒ በእጇ ይዛ ትስቃለች። ከሲኒው ቀመስኩ። ማር በለው።

"ጋሼ፣ ይህ እኮ ስኳር ነው" አልኳቸው።

"አንዲት ማንኪያ ስኳር አልገባበትም ልጄ" አሉ፤ "በገዛ እጄ ነው የሠራሁት። የጾም ነው፣ አያሰክርም፣ ስኳር የለውም።"

ብቅሉ ራሱ ሩዙን ወደ ስኳር እንደሚለውጠው፣ የሚጣፍጠውም ለዚሁ እንደሆነ ነገርኳቸው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የነገርኳቸው። ሐኪሙ ስለ እግሯ ያለኝንም አልደበቅኩም። ለማንኛውም ጥያቄ መልስ የማያጡት ሰውዬ ፔርሙሱን ከድነው ተነሱ።

ከሄዱ በኋላ እናቴን፣ እንዲህ ሲጣፍጥሽ እንዴት አልጠረጠርሽም ብዬ ጠየቅኳት።

"አውቄዋለሁ" አለች። "ሰው በየቀኑ ደጄ ድረስ ይዞልኝ እየመጣ እምቢ ልበል? ከእሳቸው ሌላስ ማን ይመጣል?"

ሲኒውን አንስቼ አጠብኩ።

ጋሼ ጉልላት መምጣታቸውን አላቋረጡም። ይሉኝታ ያላቸው ሰው ናቸው። ባዶ እጃቸውን መጥተው በሩ ሥር ይቀመጣሉ፣ "እግዜር ይማርዎት" ይላሉ፣ ከዚያ መሬት መሬቱን ያያሉ። ስለ ባቡር የለ፣ ስለ ፋብሪካ የለ። እናቴ ወሬ ልታስጀምራቸው ትሞክራለች፤ "እንደዚያ ነው" ብለው ይተዉታል። ስኳሯ ወርዷል። ቁስሏ ግን ገና አልደረቀም፤ ምግብም እየተወች ነው። እኔ የፈለግሁት ሰላም ይህ ነበር፤ አሁን ግን ቤታችን ውስጥ ሁለት በሽተኛ አለ።

ባለፈው እሁድ አላስቻለኝም። ወንበሬን አስጠግቼ እንደ ዋዛ፣ "ጋሼ፣ ሰሞኑን ወገቤን እያመመኝ ነው። ጃፓኖች ለወገብ ምንድነው የሚያደርጉት?" አልኳቸው።

እናቴ ከትራሷ ቀና አለች።

ጋሼ ጉልላት ዓይናቸውን ከመሬቱ አላነሱም።

"እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ" አሉ። "ሐኪም ጠይቅ።"

ከእሳቸው አፍ ትክክለኛ ምክር ስሰማ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሆኖም እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እጃቸውን ያዝኳቸው።

"ግድ የለም ጋሼ" አልኳቸው፤ "የመሰለዎትን ይንገሩኝ።"