የተገመገመው ልቅሶ

ሚያዝያ ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.። ጻፊው እኔ ሞላ ወልደ ሚካኤል ደግፌ ነኝ።

ሰዎቹ ሁለት ናቸው። ፈንታሁን ተውኔትና ግጥም እንዲገመግም ከደሴ ተልኮ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የገባ ሹም ነው። ሙሄዲን የቀበሌው ዘበኛ ነው፤ ሰው ሲሞት የሰፈሩን እድር፣ ቅሬውን፣ ለቀብር የሚጠራው ጥሩምባ ነፊም እሱ ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ለስብሰባ ወደ ደሴ ሲወጣ፣ «ለተውኔቱ ሕዝብ ካልወጣ ከዘበኝነትህ ተነሥተህ የቀበሌውን ቤት ትለቃለህ» ብሎት ሄዷል።

(ሌላ ቦታ ስላልተገኘ ተውኔቱ የሚታየው በቅሬው ድንኳን ነው። በመድረኩ ላይ ባላባቱ ገበሬውን ገድሎታል። መሬት ላይ የተቀመጠው ሕዝብ ያለቅሳል። ሁለቱ ከድንኳኑ ጥግ ቆመው ይከራከራሉ።)

ፈንታሁን፦ አይደለም አልሁህ። ልቅሶ ከጭብጨባ ይበልጣል።

ሙሄዲን፦ እኔ ምን አውቄ፣ ጓድ። ሲያጨበጭቡ ነበር የማውቀው፤ ያውም አጨብጭቡ ሲባሉ።

ፈንታሁን፦ ጭብጨባ የእጅ ነው። ልቅሶ የንቃት ነው። ሕዝቡ የተጫነበትን ቀንበር በተውኔቱ ውስጥ አየ፤ ስላየም አነባ። ገባህ?

ሙሄዲን፦ ገባኝ። መጋረጃው ሳይከፈት ያለቀሱትስ?

ፈንታሁን፦ እነሱ ቀድመው የነቁ ናቸው።

ሙሄዲን፦ አንዷ እንኳ ከቤቷ ጀምራ መንገዱን ሙሉ እያለቀሰች ነው የመጣችው።

ፈንታሁን፦ እሷን ለይተህ አሳየኝ። ለሴቶች ማኅበር አመራር ትሆናለች።

(ተዋናዩ በሟቹ ራስጌ ቆሞ ግጥም ያሰማል፦
«ወንበሩ ቢረዝም ቢደርስ ከሰማይ፣
እግሮቹ ከመሬት ይነሣሉ ወይ?»
ልቅሶው ይበረታል። ፈንታሁን ደስ ይለዋል፤ እንዲህ ያለ ተመልካች በደሴም አላየ።)

ፈንታሁን፦ እስቲ ይህን ግጥም ተንትነው።

ሙሄዲን፦ ወንበሩ ረጅም ነው ይላል።

ፈንታሁን፦ እሱማ ላዩ ነው። ወንበሩ ሥልጣን ነው። እግሮቹ ተሸካሚው ሕዝብ ነው። ገዢው ሽቅብ ሲያይ የተሸከመውን ረሳ። ግጭቱም ከዚያ ተነሣ።

ሙሄዲን፦ ያሁኑ ወንበርስ፣ ጓድ?

ፈንታሁን፦ ያሁኑ ወንበር የራሱ የሕዝቡ ነው።

ሙሄዲን፦ ታዲያ ሕዝቡ ምነው መሬት ላይ ተቀመጠ?

ፈንታሁን፦ (ግራ ቀኙን ያያል።) ይህን ጥያቄ ማን ሰጠህ?

ሙሄዲን፦ ዓይኔ ነው የሰጠኝ።

(ጣይባ የምትባል ጎረቤት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ ትቀርባለች። ፈንታሁንን ለሟቹ ምኑ እንደሆነ ትጠይቀዋለች። እሱ መድረኩ ላይ የተጋደመውን ገበሬ ያያል።)

ፈንታሁን፦ የመደብ ወንድሜ ነው።

(ጣይባ አንገቱን አቅፋ ትንሰቀሰቃለች። ንፍሮውን በእፍኙ ሞልታለት ትሄዳለች።)

ፈንታሁን፦ (እያኘከ) አየህ፣ ኪነት ሰውን እንዲህ ያቀራርባል። ለእንግዳ ማሰባቸው ደግሞ ማኅበራዊ ኃላፊነት ይባላል። በሪፖርቴ ይገባል።

ሙሄዲን፦ ንፍሮውን ባይበሉት ጥሩ ነበር።

ፈንታሁን፦ ምነው፣ አልበሰለም?

ሙሄዲን፦ በስሏል። ለርስዎ ስለተቀቀለ ነው።

ፈንታሁን፦ ለእኔ ከተቀቀለማ ልብላው እንጂ። (ይዘግናል።) አንተንም አልረሳሁህም። አርአያ ቀስቃሽ ብዬ እጽፍልሃለሁ፤ ቤትህን የሚነካ አይኖርም። ይህን ሁሉ ሰው በምን አወጣኸው?

ሙሄዲን፦ በጥሩምባ።

ፈንታሁን፦ ለተውኔት ጥሩምባ?

ሙሄዲን፦ ለተውኔትማ ማን ይወጣል? ባለፈው በድምፅ ማጉያ ስንጠራ የመጣው አህያው የጠፋበት ሰው ነው፤ እሱም አይታችኋል ወይ ብሎ ሊጠይቅ። ቅሬ ሲጠራ ግን የሚቀር የለም። ነፋሁና ሰው ሞቷል አልሁ።

(ፈንታሁን ማኘኩን ያቆማል።)

ፈንታሁን፦ ማን ሞተ አልህ?

ሙሄዲን፦ የሰፈር ሰው ብጠራ ቤቱ ሄደው በሕይወት ያገኙታል። ስለዚህ ፈንታሁን የሚባል የደሴ ሰው እዚህ ሞቶብናል፣ አልቃሽ ዘመድ የለውም አልሁ። ዘመድ የለውም ሲባል የኛ ሰው አይችልም፤ ወላሂ፣ ከሐርቡ ድረስ የመጣ አለ።

ፈንታሁን፦ ተውኔቱንስ ምን አልሃቸው?

ሙሄዲን፦ የደሴ ሹም ሲሞት እንዲህ ነው የሚለቀሰው አልኋቸው። ማንም አልጠየቀኝ።

ፈንታሁን፦ (ድምፁን ዝቅ አድርጎ) እኔን በቁሜ ቀብረህ ቤት ትኖራለህ? ለሊቀ መንበሩ ነግሬ ዛሬውኑ አስወጣሃለሁ።

ሙሄዲን፦ ይንገሯቸው። ብቻ ሲነግሯቸው ከመጀመሪያው ይጀምሩ።

ፈንታሁን፦ መጀመሪያው ምንድን ነው?

ሙሄዲን፦ መጀመሪያ የጠራሁት የሳቸውን ስም ነበር። እሳቸው እንደሆነ ደሴ ናቸው፤ ትልቅ ሰው ስለሆኑም አገሩ በሙሉ ይወጣል ብዬ።

ፈንታሁን፦ እሺ?

ሙሄዲን፦ አንድ ሽማግሌ ወጡ። «እርግጠኛ ነህ?» ብለው ጠየቁኝና ገቡ። ከዚያ ተሳስቻለሁ፣ ሌላ ሰው ነው ብዬ እንደገና ነፋሁ።

(ፈንታሁን ይህን በሊቀ መንበሩ ፊት ሲናገር ራሱን በሐሳቡ ያያል።)

ፈንታሁን፦ ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍ?

ሙሄዲን፦ እንደ ተነተኑት ነዋ። ሕዝቡ ነቅቶ አለቀሰ።

ፈንታሁን፦ ቤቱስ?

ሙሄዲን፦ ቤቱንም ቅድም እንዳሉት።

(ፈንታሁን በመዳፉ የቀረውን ንፍሮ ለረጅም ጊዜ ያየዋል። ኋላም ይበላዋል።)

ይህን ሁሉ የነገረኝ ሙሄዲን እስከ ዛሬ ከቀበሌው ቤት አልወጣም። የመጀመሪያውን ጥሪ ግን ለነገር ማሳመሪያ የጨመረው መስሎኝ፣ ራሴ ወደ ጣይባ ቤት ሄጄ ጠየቅኋት። እውነት ነው። የመጀመሪያውን ጥሩምባ ስትሰማ ለንፍሮ የሚሆን ባቄላ ከጆንያው አውጥታ ነበር፤ የሊቀ መንበሩን ስም ስትሰማ ግን መልሳ ጨመረችው።