ጋሽ አብዱረህማንና የተቆረጠው ጠርዝ

ከተማ ያለ ወፍጮ ይኖር ይሆናል እንጂ «የድሮው ይሻል ነበር» የሚል ሰው ሳይኖረው አይከተምም። የወረታ ድርሻ ጋሽ አብዱረህማን ናቸው፤ የቀድሞ ፎቶ አንሺ፣ የፊልም ጠበቃ፣ የዲጂታል ካሜራ ከሳሽም ዳኛም።

ችሎቱ በየቀኑ የሚሰየመው ደብረ ታቦር መገንጠያ፣ ሙሰብ ፎቶ ቤት ነው። ሙሰብ የሙሽራ ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሲከፍት፣ ጋሽ አብዱረህማን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ይጠጋሉ። «ፊቷ ላስቲክ መሰለ እኮ! ደም የለው፣ ጥላ የለው። ፊልም ቢሆን!» ሙሽራይቱ አጠገባቸው ብትቆምም ያው ነው። አንድ ባጃጅ ነጂማ «ይኸ አንተ አይደለህም» ብለው አሳምነውት፣ ፎቶውን ጥሎ ሄዷል።

ሙሰብ መሮት ነበር። «ፊልምዎን ያምጡና ስካን አድርገን እናወዳድር» ሲላቸው ከረመ።

አንድ ቀን ገበያው የሚባል የፎገራ ገበሬ ጎርፍ ያራሰውን የልጅነት ፎቶውን ይዞ መጣ። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሕፃን፣ ከጎኑ የሴት እጅ ብቻ።

«ያች እጅ የእናቴ ናት። አምና አረፈች። ሌላውን ሁሉ ጎርፍ ወሰደብኝ፤ እጇን እንኳ አድኑልኝ» አለ።

ጋሽ አብዱረህማን ጀርባውን ገልብጠው አዩ፤ ማኅተሙ የራሳቸው ነው። ቤታቸው ሄደው ኔጋቲቭ፣ ፎቶዎቹ የታተሙበት የድሮ ፊልም፣ የሞላበትን የብስኩት ቆርቆሮ ተሸክመው ተመለሱ።

ሙሰብ የሕፃኑን ኔጋቲቭ ስካነሩ ላይ ሲያስቀምጥ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሐሳቡ ውድድሩ ላይ ነበር። እንዳሰበውም ምስሉ ሲጎላ እንደ ፈሰሰ ሩዝ ፍሬ ፍሬ ሆነ። ሕፃኑም ተነቃንቆ ኖሮ ፊቱ ደብዝዟል።

«ይኸው ፊልምዎ! በእኔ ካሜራ ሽፋሽፍቱ ይቆጠር ነበር» አለ።

ከዚያ ምስሉን ወደ ጠርዙ ሳበውና ክው አለ። ፎቶው ላይ ያልነበረች ሴት ጎንበስ ብላ፣ ልጇን ደግፋ ትስቃለች። ጥርት ብላ ትታያለች።

«እምዬ!» ገበያው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «እምዬ ናት! ኧረ ምን ጉድ ነው!»

ጋሽ አብዱረህማን አመድ መስለዋል። «እኔ ነኝ የቆረጥኋት» አሉ። «ፎቶው የልጁ ነው፣ እሷ ታበላሸዋለች ብዬ። በዚህ እጄ።»

ሙሰብ ግድግዳው ላይ የሰቀላቸውን የሙሽራ ፎቶዎች አየ። እሱም ስንቱን ሰው ከጠርዝ ቆርጦ፣ ዋናውን ፋይል አጥፍቷል!

ገበያው ሙሰብ ያተመለትን የእናቱን ምስል ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ የሽማግሌውን ጉልበት ስሞ ሄደ። እሳቸው ግን ሦስት ቀን ሙሉ ትንፍሽ ሳይሉ በሩ ላይ ተቀመጡ። ሙሽሮች ሳይፈረድባቸው ወጡ። ቤቱ ቀዘቀዘ፤ ሙሰብ እንዲህ ይናፍቁኛል ብሎ አስቦ አያውቅም።

በአራተኛው ቀን ከሁሉ ያማረውን የሙሽራ ፎቶ ከፈተ። «ጋሼ፣ ይችን ይዩልኝ እስቲ። ምኗ ጎደለ?»

ቀስ ብለው መነጽራቸውን ገፉ።

«ይኸ ጥግ ላይ ያለው የማን ክንድ ነው?»

«የእናቷ። ቆርጫት ነው።»

«ዋናው አለ?»

«አላጠፋሁትም።»

«እንግዲያው መጀመሪያ እናቲቱን መልስ» አሉ። «ስለ ላስቲኩ ኋላ እንከራከራለን።»

ሙሰብ ወንበር ሳበላቸው።