ሰብስቤ የቦሌንና የፒርሰንን ርቀት ለክተው አማታቸውን የጠበቁበት

በ፳፻፭ ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ የሬክስዴሉ ሰብስቤ፣ ሊቀ ርቀት ወሰዓት፣ ቶሮንቶ በገቡ በአራተኛው ዓመት የፈጸሙትን ገድል እኛ ጸሐፊያቸው እንናገራለን፤ ቅመም ጣል ማድረጋችንንም አንክድም።

ወኮነ እምዝ፣ የባለቤታቸው የወይዘሮ እታገኝ እናት፣ እመቤት ወለተማርያም፣ ከአዲስ አበባ ሊመጡ ሆነ። ሰርጉ እዚሁ ቶሮንቶ ስለነበረ አማትና አማች ተያይተው አያውቁም። ነገር ግን እመቤቲቱ የአማቻቸውን ፎቶግራፍ ተመልክተው «ልጁ ሰነፍ ይመስላል» ማለታቸው ተሰምቶ ነበርና፣ ጀግናችን ልባቸው ቆስሎ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «አማቴ ከአየር ማረፊያው በር ሲወጡ ቆሜ እንጂ ተቀምጬ አያገኙኝም! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!»

ከዚያም ከቦሌ እስከ ቶሮንቶው አየር ማረፊያ እስከ ፒርሰን ያለውን ርቀት ከኮምፒዩተር ጠይቀው፣ ከአሥራ አንድ ሺህ ኪሎሜትር በላይ መሆኑን ተረድተው፣ በአውሮፕላን ፍጥነት አካፍለው፣ የሰዓቱን ልዩነት እንኳ ሳይረሱ ቀንሰው፣ ጎህ ሲቀድ ይደርሳሉ ብለው ፈረዱ። ወይዘሮ እታገኝም ተቃውመው አወጁ፦ «ስማ፣ መንገድ ላይ ነዳጅ ሊቀዳ ያርፋል እኮ! ቲኬቱን ቼክ አድርገው! እማዬ ላንድ የምታደርገው ረፋድ ላይ ነው!» ጀግናው ግን ኪሎሜትር አይዋሽም ብለው ነጋሪት አስመቱ።

ተከታዮቻቸውም እነዚህ ነበሩ፦ ፋሩቅ ባለቫኑ፣ የሀይዌይ አበጋዝ፤ ሚስቱ ሀጂራ፣ ድፎ ዳቦ ተሸካሚ፤ ከስካርቦሮ በጨለማ የተነሡ ዘመዶች፣ አበባ የያዙ፣ ካሜራ የያዙ፣ ምንም ሳይዙ ቁርስ አይጠፋም ብለው የመጡ። ሬክስዴል የአየር ማረፊያው ጎረቤት ናትና፣ ቫኑ ሳይሞቅ ደረሱ።

ጎህ ቀደደ፤ አማት የሉም። ፀሐይ ወጣች፤ አማት የሉም። ሠራዊቱ ተራ በተራ ወንበር ያዘ፣ ዳቦውም አለቀ። ሱፋቸውን ሲተኩሱና ሲያሰሉ ያደሩት ሰብስቤ ብቻ እንደ ዋርካ ቆሙ። ፋሩቅም አዘነና «ወንድሜ፣ ትንሽ ሬስት አድርግ፤ ሲወጡ እኔ እቀሰቅስሃለሁ!» ብሎ አወጀ። በመጨረሻ ረፋድ ላይ አውሮፕላኑ ማረፉ በሰሌዳው ታየ፤ ሰብስቤም የጫማቸውን ክር ሊያስሩ ለአንዲት ደቂቃ ተቀመጡ። የኢሚግሬሽንና የሻንጣ ወረፋ ግን በኪሎሜትር አይለካምና፣ ያቺ ደቂቃ ረዘመች፤ ፋሩቅም አጠገባቸው አንኮራፋ።

እመቤት ወለተማርያም ቀጥ ብለው በወጡ ጊዜ አማቻቸውን አፋቸውን ከፍተው፣ አንድ ክር በእጃቸው እንደያዙ ተኝተው አገኟቸው። ወይዘሮ እታገኝ በሐፍረት ሊቀሰቅሱ ሲሮጡ፣ እናት ከለከሉ፤ ነጠላቸውንም አውልቀው አለበሷቸውና በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት አወጁ፦ «ማንም እንዳይነካው! ልጄ ከሩቅ መጥቶ ደክሞት ነው!»

ይህን ሰምቶ የነቃው ፋሩቅ ሁሉን በቫኑ ጭኖ፣ ስለ ወዳጁ ክብር፣ ከከተማው ማዶ ባለው በዳንፎርዝ በኩል ዞሮ ዞሮ ሬክስዴል ያደረሳቸው በምሳ ሰዓት ነው። በአማታቸው ዓይን ምድርን አቋርጠው ለመጡት ለሰብስቤ ምስጋናና ሞገስ ይሁን፤ እውነተኛውን ርቀት ለእመቤቲቱ የሚነግር ግን ውግዝ ይሁን፤ አሜን።